ውሃን ውጭ የማሳደር ጥበብ

ጀልባ ላይ የሚኖር ሰው ዋና ሥራው ውሃን ውጭ ማሳደር ነው። ምግቡም፣ እንቅልፉም፣ እንግዳ መቀበሉም ከዚህ ሥራ በሚተርፈው ጊዜ ይከናወናል። መሬት ላይ ቤት የሠራ ሰው ጣሪያው ቢያፈስ ባልዲ ደቅኖ ይተኛል። ጀልባ ግን ራሱ ባልዲ ነው፤ ልዩነቱ ውሃው ውጭ፣ ሰውየው ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ዕለት ጀልባው ጀልባ፣ ነዋሪውም ነዋሪ መሆናቸው ያበቃል።

ይህ ኑሮ በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። እዚያ የድሮዎቹ ቦዮችና የውሃ በሮች ጠባብ ሆነው ስለተሠሩ ጀልባዎቹም በዚያው ልክ ተሰፍተዋል፤ ወርዳቸው ከ2 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ርዝመታቸው ግን እስከ 21 ሜትር ይደርሳል። ርዝመቱ ከተጣጣፊ አውቶቡስ የሚበልጥ፣ ስፋቱ ከሚኒባስ ታክሲ እምብዛም የማይሻል ቤት ማለት ነው። ባልና ሚስት በመተላለፊያው ሲገናኙ አንዳቸው ሆዳቸውን ይስባሉ፤ ከተኳረፉ ደግሞ አንዳቸው ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ጀልባ በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆም አይችልም። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ የእንግሊዝ ጀልባ ነዋሪ ደግሞ አልጋውን፣ ድስቱንና ድመቱን ይዞ ይዞራል።

ስዊዘርላንድ እንዲህ ያለ የቦይ ኑሮ የላትም። ሙከራው ግን ነበር። በ1638 የራይንና የሮን ወንዞችን ለማገናኘት የአንትሮሽ ቦይ መቆፈር ተጀመረ። ሐሳቡ ከሰሜን ባሕር የተነሣ ጀልባ በአገሪቱ መሐል አልፎ ሜዲትራኒያን እንዲደርስ ነበር። ቁፋሮው ከኢቨርዶን ተነሥቶ በ1648 ኮሶኔ አካባቢ ቆመ። ወደ ጄኔቫ ሐይቅ የሚወስደው ቀሪ መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ገንዘቡም ከመሬቱ ቀድሞ ቁልቁል ወርዶ ነበር። የተቆፈረው ክፍል ግን ሥራ አልፈታም፤ እስከ 1829 ድረስ ወይን ጠጅ ወደ ሰሜን፣ ጨው ወደ ደቡብ አመላልሷል። ወይን ጠጅ የጫኑ ጀልበኞች በመንገድ ጭነቱን እየቀመሱ ይሄዱ እንደነበር ይነገራል፤ በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ስዊዘርላንድ የሰከረ ሰው «ለሶሎቱርን ተጭኗል» መባሉም ከዚሁ የመጣ ነው። ጀልባው የሚሄድበት ከተማ ሶሎቱርን ነበረ፤ ቀድሞ የሚደርሰው ግን ጀልበኛው ነው።

ዛሬ በዙሪክና በጄኔቫ ጀልባ በየዓይነቱ አለ። በጄኔቫ ሙዌት የሚባሉት ቢጫና ቀይ ትንንሽ ጀልባዎች ከ1897 ጀምሮ ሰው ከዳር ወደ ዳር ያሻግራሉ፤ የከተማ አውቶቡስ ትኬት የያዘም ይሳፈርባቸዋል። በዙሪክ ሐይቅ ላይ በ1909 እና በ1914 የተሠሩ ሁለት ባለ እንፋሎት መርከቦች አሁንም መንኮራኩራቸውን ያዞራሉ። በሊማት ወንዝ የሚሄዱት ደግሞ የከተማዋ ድልድዮች ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ጣሪያቸው እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ነው። ዝናብ በዝቶ ውሃው ከፍ ሲል በድልድዩ ሥር ማለፍ ስለማይችሉ ጉዞው ይቋረጣል። ውሃ በማጣት የሚቆም ጀልባ ብዙ ነው፤ ውሃ ጠግቦ የሚቆም ግን የዙሪኩ ነው።

በስዊዘርላንድ የግል ጀልባ ያለው ሰው ከውሃው በፊት ከወረቀቱ ጋር ይተዋወቃል። ጀልባው እንደ መኪና ታርጋ አለው። የሞተሩ ጉልበት ከ6 ኪሎ ዋት፣ ወይም የሸራው ስፋት ከ15 ካሬ ሜትር ካለፈ መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። ታርጋ የማይጠየቅበት በአየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ እንኳ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ይጻፍበታል። ጀልባውን የሚያቆሙበት ቦታ ደግሞ ከጀልባው ይልቅ ይወደዳል፤ በሐይቆቹ ዳር ማቆሚያ ለማግኘት ብዙ ዓመት የሚፈጅ ወረፋ አለ። አዲስ አበባ ላይ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣ ለጠበቀ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ልዩነቱ፣ የዙሪኩ ተመዝጋቢ ዕጣው ሲወጣለት የሚረከበው አንድ ምሰሶና አራት ማዕዘን ውሃ መሆኑ ነው።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ያለው ጠብ ሁሉ ከውሃ ጋር ነው። ውሃውም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከታች የሚመጣ፣ ከላይ የሚመጣ፣ ከውስጥ የሚወለድና ሰው ራሱ ገዝቶ የሚያስገባው አለ። እያንዳንዱ የራሱ ጠባይና የራሱ መድኃኒት አለው።

የታችኛው ውሃ ትዕግሥተኛ ነው። የብረት ጀልባ ከሆነ ገላውን በዝገት ይበላዋል። ስለዚህ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ጀልባው ከውሃ ወጥቶ፣ ተፍቆ፣ ሬንጅ መሰል ጥቁር ቀለም ይቀባል። ከገላው ላይም የማግኒዥየም ቁራጭ ይታሰርበታል። ማግኒዥየም ከብረት ይልቅ ቶሎ የሚበላ ማዕድን ስለሆነ ውሃው እሱን ሲያኝክ ብረቱን ይተወዋል። ከዓመታት በኋላ ቁራጩ ተመናምኖ ሲገኝ ባለቤቱ ማዘን የለበትም፤ ቁራጩ የተገዛው ለዚሁ ነው። የሚያሳዝነው እንደ አዲስ ሳይነካ ሲገኝ ነው፤ ያን ጊዜ የተበላው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው።

ሌላው የታች ጉዳይ የሞተሩ ዘንግ ነው። ፕሮፔለሩ ውጭ፣ ሞተሩ ውስጥ ስለሆነ ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ የግድ ያስፈልጋል። በብዙ የቆዩ ጀልባዎች ቀዳዳው ቅባት በጠጣ ገመድ ተጠቅጥቆ ይዘጋል፤ ዘንጉ ሲሽከረከር እንዳይግል ትንሽ ጠብ ጠብ እንዲል ይተዋል። አዲስ የገባ ነዋሪ ጠብታውን አይቶ በድንጋጤ መፍቻ ያነሣና ከልክ በላይ ያጠብቀዋል፤ ዘንጉም ይግላል፤ የተጠቀጠቀው ገመድም ያርራል። ያረጀ ነዋሪ ጠብታውን ይቆጥራል። ጠብታው ከፈጠነ ጠበቅ ያደርጋል፤ ካልፈጠነ ሻዩን ይጠጣል።

ከጠብታው በላይ አስፈላጊው ልማድ ወለል ማንሣት ነው። በእያንዳንዱ ጀልባ ወለል ላይ አንድ ተነቃይ ጣውላ አለ። ሥሩ የጀልባው ሆድ ነው፤ የሚያፈስ ቧንቧ ሁሉ ምስጢሩን የሚያወርደው እዚያ ነው። ጣውላው በሳምንት አንድ ጊዜ ተነሥቶ እጅ ይገባል። እጅ ደርቆ ከወጣ ሳምንቱ መልካም ነው። እርጥብ ከሆነ ፓምፑ ይበራል። ፓምፑ ካልሠራ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሞተር ሳይሆን የፀጉር፣ የክርና የፍርፋሪ ነው። በዚህ ምክንያት በዓመት በዓል ቀን ወለሉ ላይ ቄጠማ የሚጎዘጉዝ ነዋሪ ከበዓሉ በማግስቱ ፓምፑን ፈትቶ ቄጠማ ይለቅማል።

ጀልባው ባይንቀሳቀስም ይህ ሁሉ አይቀርም። በጄኔቫ ወደብ የታሰረችው ዤኔቭ የምትባል መርከብ በ1896 የተሠራች ናት። ከጉዞ ከተሰናበተች ቆይታለች፤ አሁን የምትታወቀው ለችግረኞች በምትሰጠው የጠዋት ቁርስ ነው። የትም አትሄድም፤ ውሃው ግን ጡረታ መውጣቷን አልሰማም። እንደ ተጓዦቹ ሁሉ ገላዋ ይፈተሻል፤ ዝገቷም ይፋቃል። ቆማ ለመኖር ያለባት ሥራ ሄዳ ለመመለስ ከነበረባት እምብዛም አይቀንስም።

ከታች የሚመጣው ውሃ ብቻውን አይመጣም፤ ተሳፋሪ አለው። ኳጋ የምትባል፣ ከጥቁር ባሕር አካባቢ የፈለቀች፣ የጥፍር ያህል የምታክል ባለ ዛጎል ፍጥረት በ2015 በጄኔቫ ሐይቅ፣ በ2016 በኮንስታንስ ሐይቅ ተገኝታለች። ጀልባ ላይ፣ ቧንቧ ውስጥና ድንጋይ ላይ ትለጠፋለች፤ ከአንድ ሐይቅ ወደ ሌላ የምትሻገረውም በአብዛኛው በሰው ጀልባ ተሳፍራ ነው። ስለዚህ ጀልባ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ሲዛወር በሙቅ ውሃ መታጠብና መድረቅ አለበት፤ በአንዳንድ ካንቶኖችም ግዴታ ሆኗል። የጣናን ወሬ የሚከታተል አንባቢ ነገሩን ያውቀዋል። እምቦጭ በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ባሕር ዳርና ጎንደር ስንት ጊዜ በእጅም በማሽንም ነቅለውታል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ያለው ተረት አረሙን ቀድሞ ያየው ይመስላል።

የላይኛው ውሃ ከታችኛው ይልቅ ግልጽ ነው፤ ሲመጣ ይሰማል። ዝናብ የሚገባው ግን በሚጠበቅበት በር አይደለም፤ በመስኮቱ ላስቲክ፣ በጣሪያው ብሎን ሥርና ባለፈው ዓመት በሲሊኮን በተደፈነው ቦታ አጠገብ ነው። ውሃ በገባበት በኩል አይወርድም። ከፊት በብሎን ቀዳዳ ገብቶ፣ በጣሪያው ውስጥ ተጉዞ፣ ከኋላ አልጋው ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ያንጠባጠበውን ቦታ የሚደፍን ሰው ሥራው ብዙ፣ ውጤቱ ትንሽ ነው። ልምድ ያለው ነዋሪ አንድ ሰው ከውጭ በጎማ ውሃ እንዲያፈስ፣ ሌላው ከውስጥ ባትሪ ይዞ እንዲመለከት ያደርጋል። ከውጭ ያለው «ታየ?» ይላል፤ ከውስጥ ያለው «ገና ነው» ይላል። ከሰዓት በኋላው በዚህ ያልቃል።

ነፋስ ሲጨመር ጉዳዩ ይከብዳል። በስዊዘርላንድ ሐይቆች ዳር ብርቱካናማ የማስጠንቀቂያ መብራቶች አሉ። በደቂቃ 40 ጊዜ ብልጭ ካሉ ተጠንቀቅ፣ 90 ጊዜ ካሉ ማዕበል መጣ ማለት ነው። ቆጥሮ እስኪጨርስ የሚቆይ ጀልበኛ ግን ከመብራቱ ይልቅ ማዕበሉ ይነግረዋል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ቢዝ የተባለው ብርዳም ነፋስ በጄኔቫ ሐይቅ ላይ ክፉ ነው። በጥር 2005 ቬርሷ በምትባለው ከተማ ማዕበሉ ወደ ዳር የረጨው ውሃ በደረሰበት እየረጋ ጀልባውን፣ አግዳሚ ወንበሩንና የቆሙትን መኪኖች በወፍራም በረዶ ሸፍኗቸው ነበር።

ሦስተኛው ውሃ ከሁሉም የሚያስገርመው ነው፤ ነዋሪው ራሱ የሚሠራው ነውና። የተኛ ሰው በትንፋሹና በላቡ ሌሊቱን ከአንድ ብርጭቆ የማያንስ ውሃ ወደ አየር ይለቃል። ሽሮ ሲንተከተክ፣ ልብስ ሲሰጣ፣ ፀጉር ሲታጠብ ይጨመራል። በጠባብ ጀልባ ውስጥ ይህ እንፋሎት ቀዝቃዛ መስኮትና ብረት ሲያገኝ ተመልሶ ውሃ ይሆንና ፍራሽ ሥር ይወርዳል፤ ከሳምንት በኋላ ሻጋታ ይሆናል። ሰው ጣሪያው አፈሰሰ ብሎ ጣሪያ ያስፈትሻል፤ ያፈሰሰው ግን የትናንቱ ወጥ ነው።

በዚህ ጉዳይ ሐይቅ የሌላት ዋሊሰለን ከሐይቅ ዳር ከተሞች እኩል ታስተምራለች። ከዙሪክ አፍንጫ ሥር ያለችው ይህች ከተማ ያላት ወንዝ ግላት ነው፤ ቤቶቿ ግን በውሃ ጉዳይ ጥብቅ ናቸው። አከራይ ለተከራይ ከሚሰጠው ምክር ዋናው «በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መስኮት ወለል አድርጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ ክፈቱ፤ ከዚያ ዝጉ» የሚል ነው። የልብስ ማጠቢያው ክፍል የጋራ ነው፤ ተራ አለው። አጠገቡ ያለው የማድረቂያ ክፍል ውስጥ አየር የሚያደርቅ መሣሪያ ሌሊቱን ሲያጓራ ያድራል። ለአበሻ ተከራይ በጥር ብርድ መስኮት ወለል አድርጎ መክፈት ለበሽታ የቀረበ ግብዣ ነው፤ «ብርድ መታኝ» የሚለው በሽታ በስዊዝ ሐኪም መዝገብ ባይገኝም። ነገር ግን ሻጋታው የመጀመሪያውን ክረምት ግድግዳ ላይ ከጻፈ በኋላ መስኮት መክፈት ይለመዳል። ጀልባ ላይም ደንቡ ይኸው ነው፤ ማሞቂያ እየነደደ አየር ይገባል፤ ከፍራሽ ሥር ርብራብ ይደረጋል፤ እርጥብ ልብስ ውጭ ይሰጣል።

አየር ማስገባት ሌላም ምክንያት አለው፤ እሳት። የጀልባ ማብሰያ አብዛኛውን ጊዜ በሲሊንደር ጋዝ ይሠራል። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ቢያፈተልክ በመስኮት አይወጣም፤ ወደ ጀልባው ሆድ ወርዶ ክብሪት ይጠብቃል። ስለዚህ ሲሊንደሩ የሚቀመጠው ከሥሩ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ባለው የተለየ ሳጥን ውስጥ ነው። ከሰል ደግሞ በጀልባ ውስጥ ፈጽሞ አይያያዝም። ቡና ተቆልቶ፣ ዕጣን ጨሶ፣ በር ተዘግቶ፣ ጀበናው ከሰል ላይ ቢጣድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታና ቀለም የሌለው ጋዝ ከአቦል በፊት ጨዋታውን ያደክመዋል፤ በረካ ላይ የሚደርስ ላይኖር ይችላል። ቡናው ይፈላል፤ ግን ከሰሉ ውጭ፣ ሰዉም ውጭ ነው። ውስጥ ለሚነደው ምድጃና ማሞቂያ ጋዙን አውቆ የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

በኤሌክትሪክ ይሁን የሚል ካለ ሒሳቡ እንዲህ ነው። በጀልባ ላይ የተለመደ አንድ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ በጠቅላላው 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ የሚሠራበት እንግዲህ 600 ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ቢፈልግ ባትሪው የሚችለው ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነው፤ ያውም በወረቀት። ምጣዱ ሳይሰማ ባትሪው ይሞታል፤ ሊጡ ቡሃቃው ውስጥ ይቀራል። በጀልባ ላይ እንጀራ የሚበላው መሬት ላይ ከጋገረ ዘመድ ተወስዶ ነው፤ ለመብራት፣ ለስልክና ለውሃ ፓምፕ ግን ባትሪው ይበቃል፤ በጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ካለም በጋውን በምቾት ያሳልፋል።

አራተኛው ውሃ የሚጠጣው ነው። ከሐይቁ መሐል ተቀምጦ ውሃ ማለቁ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለውን ተረት ቃል በቃል ያደርገዋል። ጀልባው ሮቶ አለው፤ ሲያልቅ በጎማ ይሞላል። አዲስ አበባ ላይ በፈረቃ ውሃ የኖረ ሰው በዚህ ረገድ ሠልጥኖ የመጣ ነው። ሳህን በስንት ኩባያ እንደሚታጠብ፣ የታጠበበት ውሃ ሌላ ምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ ጀሪካን ሲያይም ልቡ ይረጋል።

የገባው ውሃ መውጫው ላይ ደግሞ ሕግ አለ። መጸዳጃ ያለው ጀልባ ቆሻሻውን በታንከር ይዞ ዳር ላይ በመምጠጫ ያስወግዳል፤ ወደ ሐይቅ መልቀቅ ክልክል ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ የዙሪክ ከተማ የመጠጥ ውሃ 70 በመቶ ያህሉ የሚቀዳው ከዙሪክ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ውስጥ የሚጥል ሰው ከራሱ ሻይ ጋር ይጣላል። ታንከሩን ማስመጠጥ የማን ተራ ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከሕግ ይልቅ የትዳር ጉዳይ ነው።

እነዚህ አራቱ ውሃዎች በክረምት አንድ ይሆናሉ፤ ይረጋሉ። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ቧንቧው ውስጥ ቢሆን ቧንቧውን፣ ሞተሩ ውስጥ ቢሆን ሞተሩን ይሰነጥቃል። የዙሪክ ሐይቅ በ1963 ከዳር እስከ ዳር ረግቶ ሰው በእግሩ ተሻግሮታል። እንዲህ ያለው በየዓመቱ አይደገምም፤ ቧንቧን ለመሰንጠቅ ግን አንድ ብርቱ ሌሊት ይበቃል። ስለዚህ በመከር ሮቶው ይደፋል፤ ቧንቧዎቹ ተከፍተው ይተዋሉ፤ ሞተሩ አንቲፍሪዝ ይጠጣል፤ ባትሪው ወደ ቤት ይገባል፤ ፍራሹ ይነሣል። ከዚያ ብዙ ጀልባ በክሬን ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ሸራ ለብሶ መሬት ላይ ይከርማል። በኅዳር ጭጋግ በሐይቁ ዳር ሲታለፍ ጀልባዎቹ በየእንጨት እግራቸው ቆመው ነጠላ እንደተከናነቡ አሮጊቶች ፀሐይ ይጠብቃሉ።

ከውሃ አውጥቶ የማድረቅ ደንብ የክሬን አገር ፈጠራ አይደለም። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገል የቄጠማ ዘመድ ነው። በዚህ ሙያ የታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። ደንገሉ ይታጨዳል፤ ይደርቃል፤ በነዶ እየታሰረ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል። ታንኳው ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ባሕር ዳር ሲደርስ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ባለቤቱ ጭነቱን ካራገፈ በኋላ ታንኳውን ዳር አውጥቶ ያቆመዋል፤ ውሃው በነዶዎቹ መሐል እየተንቆረቆረ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። በማግስቱ ቀሎ ይገኛል። ፓምፕ የለውም፤ ሥሩ የሚፈተሽ ወለልም የለውም፤ ሁለመናው ወለል ነውና። ዕድሜው ግን በወራት የሚቆጠር ነው፤ ሲበሰብስ ሌላ ይታሰራል። የዙሪኩ ባለ ጀልባ በዓመት አንድ ጊዜ በክሬን የሚያደርገውን የጣናው ባለ ታንኳ በየጉዞው በክንዱ ያደርጋል። በውሃ ላይ የሚኖር ነገር ሁሉ ዕድሜው የሚለካው ከውሃ ወጥቶ በደረቀው ልክ ነው።

በመጋቢትና በሚያዝያ ሸራው ይገለጣል፤ ገላው ይቀባል፤ ያለቀው ማግኒዥየም ይለወጣል፤ ክሬኑ ተመልሶ ይመጣል። ጀልባው ውሃ ሲነካ ባለቤቱ ሞተር አያስነሣም፤ ገመድም አይፈታም። ውስጥ ገብቶ ተንበርክኮ ያንን ጣውላ ያነሣና እጁን ይከታል። ደርቆ ከወጣ ጣውላውን መልሶ ይገጥማል።